ዲግሪያችሁን ከሻንጣ አውጡት

የዛሬው ንግግራችን ከኢትዮጵያ ይዛችሁት ስለመጣችሁት የትምህርት ማስረጃ ነው።

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ ከሚሠሩት ወገኖቻችን መካከል ጎንደር ወይም ባሕር ዳር በዲግሪ የተመረቁ አሉ። አንድ አባት ለሥራዬ ጉዳይ ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ ዲግሪያቸውን ከሻንጣ ሥር አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይህ ወረቀት እዚህ ምን ይረባል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይረባል፤ መንገዱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ትምህርት ድንበር መሻገሩ አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረውበታል። ዛሬም አገሮች አንዱ የሌላውን ዲግሪ የሚቀበሉበት ስምምነት ያደርጋሉ፤ እስራኤል በ2007 ያጸደቀችው የሊዝበን ስምምነት አንዱ ነው። ሆኖም ስምምነት ኖረም አልኖረም፣ ዲግሪ በራሱ ጊዜ አይታወቅም፤ ባለቤቱ ማመልከት አለበት።

የሚመለከተው ሚስራድ ሃሂኑኽ፣ ማለትም የትምህርት ሚኒስቴር ነው። በዚያ የውጭ አገር ዲግሪዎችን የሚመዝን ክፍል አለ። ክፍሉ ዲግሪያችሁ ከየትኛው የእስራኤል ዲግሪ ጋር እንደሚስተካከል ይወስናል። ውሳኔው በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለደመወዝ ደረጃ ያገለግላል። የግል ፋብሪካ ግን በራሱ መዝኖ መቅጠር ይችላል። ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃቸውም፤ ከጤና ሚኒስቴር የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው።

ከማመልከታችሁ በፊት ሦስት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ ስማችሁን። ዲግሪው ላይ ያለው ስምና ቴኡዳት ዜሁታችሁ ላይ ያለው ስም ከተለያዩ፣ አንድ ሰው መሆናችሁን የሚያስረዳ ማስረጃ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ዘመኑን። ቀኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይለያያልና ለጸሐፊዋ ንገሯት።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ዲግሪና የውጤት ዝርዝሩን አትጣሉ፤ ለማንም ኮፒ እንጂ ዋናውን አትተዉ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈውን በኖታሪዮን አስተርጉሙ።

የዛሬውን ሥራችሁን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንጀራ ነውና። ኡልፓኑንም አታቋርጡ፤ ዲግሪ ያለ ዕብራይስጥ አንድ እግር ብቻ ነው።

እኒያ አባት ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። ገና መልስ አልመጣም፤ አሁንም የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። ዲግሪው ግን ከሻንጣ ወጥቶ ልጆቻቸው በሚያዩት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናንተም ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ደኅና ሁኑ።