«ኳንተም ኮምፒዩተር ያስፈልገናልን?» ፦ የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ አማካሪው ሥራ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን «የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ» በተሰኘው የጋራ ኮርስ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ዳታ ሳይንስና ስለመሳሰሉት ይማራሉ። እንዲህ ያሉትን፣ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ገበያው ገና በሚገባ ያልለመዳቸውን ቴክኖሎጂዎች እየመረመሩ ለንግድ ድርጅቶች ምክር መስጠት ራሱን የቻለ መተዳደሪያ መሆኑ ግን እምብዛም አይወሳም። ማኪንዚን፣ አክሰንቸርንና ዴሎይትን በመሳሰሉ ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅቶች ውስጥ በዚህ ሙያ ከተሰማሩት መካከል ፊዚክስ የተማሩ ይገኛሉ። ለምን ተፈለጉ ቢባል፣ በምሳሌ ማስረዳቱ ይቀላል።

አንድ ባንክ አማካሪውን ጠርቶ «ተፎካካሪዎቻችን ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር ያወራሉ፤ እኛስ ያስፈልገናልን?» ብሎ ጠየቀው እንበል። የባንኩ ኃላፊዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ኩባንያ ሲካሞር የተባለው ባለ 53 ኪዩቢት መሣሪያው፣ ለሱፐርኮምፒዩተር 10,000 ዓመት ይፈጃል ያለውን ስሌት በ200 ሰከንድ መጨረሱን ሲያስታውቅ ሰምተዋል። አይቢኤም ወዲያው ያንኑ ስሌት በሱፐርኮምፒዩተር በሁለት ቀን ተኩል መሥራት ይቻላል ሲል መከራከሩን ግን አልሰሙ ይሆናል። ስሌቱም ቢሆን የመሣሪያውን ችሎታ ለማሳየት የተመረጠ እንጂ የየትኛውንም ባንክ ሒሳብ የሚሠራ አልነበረም።

እዚህ ላይ አማካሪው እርሳሱን ያነሣል። ባንኩ አንድ ትሪሊዮን አማራጮችን ፈትሾ ትክክለኛውን አንዱን መለየት ይፈልጋል እንበል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አማራጭ የሚፈትሽ ተራ ኮምፒዩተር ቢበዛ በ1,000 ሰከንድ፣ ማለትም በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ላቀረበው የኳንተም አልጎሪዝም ግን አንድ ሚሊዮን ያህል እርምጃ ብቻ ይበቃዋል፤ አንድ ሚሊዮን በራሱ ሲባዛ አንድ ትሪሊዮን ነውና። ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ኪዩቢት በጥቂት ሙቀትና በጥቂት የውጭ ሞገድ የሚረበሽ በመሆኑ፣ ስህተቱን በየጊዜው እያረሙ መሄድ ግድ ይላል። በዚህ እርማት የተነሣ አንዱ እርምጃ አንድ ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ ጠቅላላው ጊዜ እንደገና 1,000 ሰከንድ ሆኖ ያርፋል። ትርፉ ዜሮ! ባንኩ አንድ ሺህ ተራ ኮምፒዩተሮችን ቢያሰልፍ ደግሞ ያው ሥራ በአንድ ሰከንድ ያልቃል። (ይህ ስሌት ከማባዛትና ከማካፈል እንደማያልፍ አንባቢ ልብ ይሏል።)

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የአማካሪው መልስ «ገና ነው» የሚል ይሆናል። ችግሩ፣ ይህ መልስ አማካሪ ድርጅቱን የማይጠቅም መሆኑ ነው። «ገና» የሚል ሪፖርት የተቀበለ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ይሰናበታል፤ «አሁኑኑ» የተባለ ግን የሙከራ ፕሮጀክት፣ ሥልጠናና ተጨማሪ ጥናት ያዛል። የሙያው ከባድ ፈተና ከኳንተም ሜካኒክስ ይልቅ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል።

ይሁንና በዚያው ባንክ ውስጥ «ገና ነው» ማለት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጉዳይ አለ። እርሱም ምስጠራ ነው። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ትልቅ ቁጥርን ተባዝተው ወደሚሰጡት ፕራይም ቁጥሮች በፍጥነት የሚበትን የኳንተም አልጎሪዝም አግኝቷል፤ አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ ደግሞ የተመሠረተው በዚህ ብተና አስቸጋሪነት ላይ ነው። ክሬግ ጊድኒና ማርቲን ኤኬሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ 2048 ቢት አርኤስኤን በስምንት ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት እንደሚያስፈልግ ገመቱ። ጊድኒ በ2025 ባወጣው አዲስ ግምት ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ፤ ጊዜው ግን እስከ አንድ ሳምንት ይረዝማል። ጉግል በ2024 መጨረሻ ያስተዋወቀው ዊሎው የነበረው ኪዩቢት 105 ብቻ ነው። ርቀቱ አሁንም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ግቡ ራሱ ወደ እኛ እየቀረበ መምጣቱን ልብ ይሏል።

የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሚኬሌ ሞስካ ለዚህ ቀላል መለኪያ አበጅቷል። ምስጢሩ ተጠብቆ መቆየት ያለበትን ዘመንና ምስጠራውን ለመለወጥ የሚፈጀውን ጊዜ ደምሩ። ድምሩ ሰባሪው ማሽን እስኪመጣ ከቀረው ዘመን ከበለጠ፣ ዘግይታችኋል። የባንኩ ምስጢር 15 ዓመት መጠበቅ ቢኖርበትና ለውጡ 7 ዓመት ቢፈጅ ድምሩ 22 ነው፤ ማሽኑ ከ20 ዓመት በኋላ ቢመጣ እንኳ ባንኩ ከወዲሁ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ምክንያቱም ሌባው የተመሰጠረውን መረጃ ዛሬ ቀድቶ ማሽኑ እስኪደርስ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የኳንተም ኮምፒዩተርን ጥቃት እንዲቋቋሙ የታሰቡ ሦስት የምስጠራ ደረጃዎችን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ስላወጣ፣ ባንኩ ምን እንደሚተክል ያውቃል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ከኳንተም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፦ በየትኛው ሰርቨር፣ በየትኛው የኤቲኤም መስመርና በየትኛው የሞባይል መተግበሪያ ምን ዓይነት ምስጠራ ሥራ ላይ እንዳለ አንድ በአንድ መመዝገብ ነው።