በሰው አገር ጡረታ ሲወጡ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ የኢትዮጵያውያን ትውልድ ጡረታ እየወጣ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የገባው ወጣት ዛሬ ስልሳ አምስቱን አልፏል። በዲቪ የመጡትም እየተከተሉት ነው። ፓርኪንግ ሠርቷል፣ ታክሲ ነድቷል፣ በነርሲንግ ሆም የሌላ ሰው እናትና አባት አንስቶ አስቀምጧል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሥራ ደርቦ።

ስለ ጡረታ ሲያስብ የኖረው በገንዘብ በኩል ነው፤ ያም ተገቢ ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ 40 ክሬዲት፣ ማለትም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ይጠይቃል። ከ62 ዓመት ጀምሮ ተቀንሶ ይከፈላል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሙሉው የሚገኘው በ67 ነው። ሜዲኬር በ65 ይጀምራል። ይህን የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ሥራ በቀረ ማግስት ጠዋት ተነስቶ የት እንደሚኬድ የሚያስረዳ ግን እምብዛም የለም።

ስደተኛ ከሥራ ቦታው የሚያገኘው ከደመወዙ ይሰፋል። እንግሊዝኛውን የሚለማመደው እዚያ ነው፤ ከአገሩ ልጆች ውጪ የሚያውቃቸው ሰዎች እዚያ ናቸው፤ አንድ ቀን ቢቀር “ምን ሆኖ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ባልደረባ ያለው እዚያ ነው። ጡረታ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቋረጣሉ። የመጀመሪያው ወር በእንቅልፍና ቤት በማስተካከል ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ቀኑ ይረዝማል።

አገር ቤት ቢሆን እርጅና ሥራ ይዞ ይመጣ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ እድሩ ዳኛ ይሻል፣ ሠርግ ያለ መራቂ አያምርም፣ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጣው ትልቅ ሰው ነው። “በእርጅናዬ ምን ልሥራ?” ብሎ የሚጨነቅ ጥቂት ነው፤ ሥራው ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይጠራዋል። በሰው አገር ግን የሚጠራ የለምና ያንን ቦታ አዛውንቱ ራሳቸው ማበጀት አለባቸው። እኔ ጡረታው ከመድረሱ አንድ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መጀመርን እመክራለሁ፤ ገና ጉልበትና ትውውቅ ሳለ።

ምን ይሥሩ? መለኪያዬ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ብቀር የሚጠይቀኝ ሰው አለ ወይ? ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ የአገር ቤት ወሬ ሲከታተሉ መዋል ጊዜ ይገፋል እንጂ የሚጠብቅ ሰው የለበትም። ቀንና ሰዓት ያለው፣ ሌላው ሰው እርስዎን ብሎ የሚመጣበት ነገር ግን በብርድም ቢሆን ከአልጋ ያስነሳል። በ1938 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለው የሃርቫርድ ጥናትም በስተርጅና ጤናና እርካታ ከሰው ጋር ካለን ቅርበት ጋር በእጅጉ የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ፊደል ማስተማርን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበረሰብ ማእከሉ ቅዳሜና እሑድ ልጆች አማርኛ ይማራሉ፤ ትዕግሥት ያለው አስተማሪ ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል። አሜሪካ ተወልዶ ላደገ የስምንት ዓመት ልጅ “ተ” እና “ጠ” በጆሮው አንድ ናቸው። አዛውንቱ ልጁን መዳፉን ከአፉ ፊት እንዲይዝ ያደርጉታል። “ተ” ሲል ትንፋሹ መዳፉን ይነካዋል፤ “ጠ” ሲል ትንፋሽ ታፍኖ ይቀርና ድምፁ ይፈነዳል እንጂ መዳፉ እምብዛም አይሰማውም። ልጁ ይሞክራል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ሲያወጣው “ጤፍ፣ ጤፍ፣ ጤፍ” እያለ ክፍሉን ይዞራል። ለዚህች አንድ ሰዓት አዛውንቱ ረቡዕና ሐሙስን ሲዘጋጁ ይውላሉ፦ ካርቶን ቆርጠው ፊደል ይጽፋሉ፣ ልጅ ሳሉ የሰሙትን የጅብና የአህያ ተረት ያስታውሳሉ፣ ይህ ለእነዚህ ልጆች ይገባቸው ይሆን ብለው ያስባሉ። የአንድ ቀን ቀጠሮ ሳምንቱን ሙሉ መልክ ያስይዘዋል ማለት ነው።

ማስተማር የማይሆንላቸው አሉ። መሬት የሚወዱ ከሆነ ብዙ ከተሞችና ካውንቲዎች የጋራ የአትክልት ቦታ ላይ በዓመት መደብ ያከራያሉ። ጎመን ብርድ ስለሚችል በማርች መጨረሻ ሊዘራ ይችላል፤ በሶብላና ቃሪያ ግን ውርጭ ስለሚገድላቸው እስከ ሜይ አጋማሽ ቤት ውስጥ ቢያድጉ ይሻላል። የጎረቤት መደብ ከያዘው የኤል ሳልቫዶር ሰው ጋር ስለ ቃሪያ ማውራት ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ ዘር መለዋወጥ ይበቃል። በእስራኤል ቤርሼባም ከኢትዮጵያ ለሄዱ ገበሬዎች በመቀበያ ማእከል ውስጥ የጋራ እርሻ ተሰናድቶላቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰዎች በአፓርታማ ውስጥ ሲቀመጡ የሚጎድላቸውን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ትልቅ ነው።

ሰውነትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። በተጨማሪ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ ደግሞ ሦስት ቀን። ይህን የመጨረሻውን ሰዎች ይዘነጉታል፤ በረዶ ላይ ተንሸራቶ መውደቅ ግን ብዙ አዛውንት ቤት ያስቀራል። ሲበርድ ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ውስጥ በጠዋት መራመድ ይቻላል። ከጓደኛ ጋር ቢሆን ደግሞ ያው የቀጠሮ ነገር ነው፤ ብቻውን የሚራመድ ሰው ዝናብ ሰበብ ይሆነዋል።

ትምህርትም አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ቱሉዝ “የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ” ለጡረተኞች ከተከፈተ ወዲህ ሐሳቡ ብዙ አገር ደርሷል። በሜሪላንድ 60 ዓመት የሞላቸው ነዋሪዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ ይነሳላቸዋል፤ አንዳንድ ሌሎች ወጪዎች ግን ይኖራሉ። ዜግነት የሚፈልጉ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ 50 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ መመለስ ይችላሉ።

ልጆቻቸው ያስመጧቸው ወላጆች ጉዳይ ይለያል፣ ይከብዳልም። እናት የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ይመጣሉ፤ ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ ሥራቸው ያበቃል። መኪና አይነዱም፣ ሰፈሩ ጭር ያለ ነው፣ ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ የሰው ድምፅ አይሰሙም። ልጅቱ ደግሞ በፍቅር “እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ፤ ብዙ ደክመሻል” ትላለች። ይህ አነጋገር ልቤን ይነካኛል፤ ጉዳቱም ይታየኛል፤ እኚህ ሴት የሚያስፈልጋቸው ዕረፍት አይደለምና። ድፎውን እሳቸው ይጋግሩ፤ ወጥ መሥራት ያላወቁ የጎረቤት ሙሽሮች ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ይምጡ። ከሰው ጋር አንድ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ተመላልሰው ማኅበራቸው ድረስ ብቻቸውን መሄድ ይልመዱ፤ በዲሲ አካባቢ 65 የሞላው ሰው በሜትሮ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። የዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ሕግም በመሥሪያ ቤቶቹ የአማርኛ አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል።

“አገሬ ገብቼ እኖራለሁ” የሚሉም ብዙ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው ቢጫ ካርድ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ የመግባት፣ የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጣል፤ መምረጥና መመረጥን አይጨምርም። ሜዲኬር በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጪ አይከፍልም። ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ 30 ቀን ከአገር ከወጡ ይቋረጣል፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲው ደግሞ እንደ ዜግነት ይለያያልና ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው። ከወረቀቱ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በገና ሰሞን ለሦስት ሳምንት የሄደ እንግዳ በየቤቱ ይጋበዛል፤ ለመኖር የገባ ሰው ግን ዘመዱ ሁሉ ሥራ ሲውል ብቻውን ይቀራል፣ የልጅነት ጓደኞቹም ተበትነዋል። ቤት ከመሸጥ በፊት ዘመድ ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ወቅት፣ ለምሳሌ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ተከራይቶ መኖር፣ እዚያ ሳሉም አንድ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ሄዶ በሙያዬ ምን ልርዳ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።