የጓሳ ቀበሮና የመንደር ውሻ

የመንዝ ገበሬ ወይፈኑን ለእርሻ፣ በጉን ለሙክትነት ማኮላሸትን ከአባቶቹ የወረሰ ስለ ሆነ፣ የወንድ እንስሳ ጠባይ ከዘር ፍሬው ጋር እንዴት እንደተቆራኘ ለማወቅ መምህር አያሻውም፤ ይህን ጥበብ ወደ ውሻው ሲያዘልቀው ግን እምብዛም አይታይም። ሆኖም ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው በመንዝ የጓሳ ደጋ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ በመላው አገር ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ስለሚኖር፣ የውሻ መራባት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቀይ ቀበሮና ውሻ በዘር እጅግ የተዛመዱ በመሆናቸው ክልሳቸው እንደ በቅሎ መካን አይሆንም፤ ይህም በባሌ ተራሮች ታይቷል። ከመዳቀሉ ይልቅ የሚከፋው ግን ውሻው የሚያጋባው በሽታ ነው፤ በዚያው በባሌ በ1991 እና በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን መንጋ በመንጋ ፈጅቷል።

ከመቶ 70 የሚሆኑ ውሾች ከተከተቡ ወረርሽኙ መዛመት ያቅተዋል፤ ነገር ግን ውሻ በ63 ቀን ያህል ወልዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትደግም ስለምትችል፣ ያልተከተቡት ቡችሎች በዝተው ያን ልክ ቶሎ ያፈርሱታል፤ ከቀበሮዎቹ ግን በየመንጋው የምትወልደው አለቃይቱ ብቻ ናት፣ እርሷም በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ በበሽታ ያለቁት ቶሎ አይተኩም። እንግዲህ ውሻን ማምከን ክትባትን አይተካም፣ ያጸናዋል እንጂ።

ወንዶቹን ብቻ ማኮላሸት፣ ቀላል ቢሆንም፣ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ አንድ ያልተኮላሸ ብዙ ሴቶችን ያስረግዛልና። የተኮላሸው ሴት ፍለጋ መዞሩንና መናከሱን ይቀንሳል፤ ጥበቃው ግን ከዘር ፍሬው ሆርሞን ብቻ የሚመነጭ ስላይደለ፣ እረኛው ጅብ በሚዞርበት ሌሊት ያለ ዘበኛ እቀራለሁ ብሎ ሊሰጋ አይገባውም። ዋናው ሥራ በሴቷ ላይ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ ሆዷን ከፍቶ፣ እንቁላል የሚያፈሩትን ሁለቱን ዕጢዎች ብዙ ጊዜም ከነማኅፀኗ ያወጣል፤ ይህም ከመጀመሪያው የፍትወቷ ወራት በፊት ቢደረግ የጡት ነቀርሳን እጅግ ያርቅላታል። የጓሳን የሣር መሬት አጽመ ርስት በተባለው የወል ይዞታ ሥርዓት በጊዜው ዘግቶ በጊዜው ሲከፍት ለኖረ ሕዝብ፣ መራባትን በልክ መያዝ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም፤ የሚከብደው፣ የተሰፋችውን ውሻ ቁስሏ እስኪጠግ ለአሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከውርጩና ከመንጋው ለይቶ በቤት ማሳደር ነው።