ለመምረጥም ላለመምረጥም ምክንያታችን ምንድን ነው?

 

ሰሞኑን ከኢሻእ በኋላ በዶርማችን አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ «የምርጫ ካርድ ታወጣለህ?» ስድስት ነን፤ መልሱም ስድስት ሆነ። አንዱ «ሐራም ነው» አለ፤ ሌላው «ውጤቱ የታወቀ ነው» አለ፤ አንዱ ደግሞ «እኔ ሰልፍ አልወድም» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ማንን እንምረጥ የሚለው የጀመዓችን ጉዳይ አይደለም፤ እኔም አልገባበትም። ምክንያቶቻችንን ግን ብንመረምራቸው ጥሩ ነው።

«ሐራም» ከሚለው እንጀምር። ይህ ዝም ብሎ የተወራ ነገር አይደለም። የየመኑ ሸይኽ ሙቅቢል አልዋዲዒ ምርጫን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በዚህ አቋም ያሉ ሰዎች ሕግ የማውጣት ሥልጣን የአላህ ብቻ ነው ይላሉ። በሌላ በኩል የሳዑዲው ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን መምረጥ ግዴታ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል፤ ደጉ ሰው ቦታውን ከተወው ሌላው ይይዘዋልና። የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ደግሞ ድምፅ መስጠትን ሦስት ነገር አድርገው ያዩታል፦ ሸሀዳ (ምስክርነት)፣ ሸፋዓ (ማማለድ) እና ወካላ (ውክልና)።

እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው ነው። መድረሳ የቀራን ሁሉ ስለ ምስክርነት ሁለት ነገር ተምረናል። የምታውቀውን ስትጠየቅ መደበቅ ወንጀል ነው፤ በማታውቀው መመስከርም ወንጀል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው፣ እያወቀ ቤቱ የቀረውም፣ ሳያውቅ «ዘመዴ ነው» ብሎ ምልክት ያደረገውም ጥያቄ አለባቸው።

ዑመር (ረ.ዐ) ተወግተው ጉዳዩ ለስድስቱ ሶሓቦች ሹራ ሲተው፣ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲናን እየዞሩ የሰውን ሐሳብ ሰበሰቡ። ኢብን ከሢር በታሪክ መጽሐፋቸው እንደሚተርኩት በቤታቸው ያሉትን ሴቶች፣ ከሩቅ የመጡትን መንገደኞች፣ በመክተብ የሚቀሩትን ልጆች ሳይቀር ጠይቀዋል። የመክተብ ልጅ ከተጠየቀ፣ የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ «እኔን ምን አገባኝ» ቢል ትንሽ ያሳፍራል።

«ሐራም» ያለው ጓደኛችን በነሐሴ 2017 በተካሄደው የመጅሊስ ምርጫ መስጂድ ሄዶ መርጧል። ስናስታውሰው «መጅሊስ ሕግ አያወጣም፤ የዲናችንን ጉዳይ ነው የሚያስተዳድረው» አለ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በ2005 የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሲደረግ ሙስሊሙ «በመስጂዳችን ይሁን» ብሎ የተሟገተው፣ ብዙዎችም የታሰሩት፣ ድምፅ የትና እንዴት እንደሚሰጥ ዋጋ ስላለው ነው። ያን ሁሉ አይተን ድምፅን እንደ ቀላል ነገር ማየት ይከብደኛል።

«ውጤቱ የታወቀ ነው» የሚለው ባዶ ቃል አይደለም። በ2007 ምርጫ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ስድስተኛው ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410ሩን አገኘ። የአቆጣጠሩ ሥርዓትም ያግዛል፦ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘው ያልፋል፤ ሁለተኛ የወጣው ብዙ ድምፅ ቢኖረውም መቀመጫ የለውም። ሆኖም የየጣቢያው ውጤት እዚያው ይለጠፋል፤ የተሸነፈው ወገን ቁጥርም አብሮ ይጻፋል። በዚያው ቀን የክልል ምክር ቤት ድምፅም ይሰጣል፤ ስለ እሱ ዶርም ውስጥ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

በጣም የከበደኝ ምክንያት ግን ከዶርም ሳይሆን ከቤት የመጣው ነው። በ2013 እኔ 18 ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሮቢት ላይ አባቴና እናቴ በጠዋት ተሰልፈው መረጡ። በዚያው ሐምሌ ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ ደረሰ። እናቴ ዛሬም «ቀለሙ ከጥፍሬ ሳይለቅ ነው የተሰደድኩ» ትላለች፤ ሁለተኛ እንደማትመርጥም ቆርጣለች። የመሰከረችለት አካል በክፉ ቀን ካልደረሰላት፣ ምን ብዬ እሟገታታለሁ? አባቴ ደግሞ እንደሚመርጥ ይናገራል። የእሱ ነገር ሁልጊዜ ውሃ ነው፦ መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል፣ ሽንኩርቱ ይደርቃል፤ «ይህን የሚናገርልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ይላል። ከ2015 ወዲህ ባለው ሁኔታ ደግሞ ሰልፉ ራሱ በሰላም መኖሩ ያሳስበኛል። የእናቴን አለመምረጥ «ሰልፍ አልወድም» ካለው ጓደኛዬ ጋር አንድ ላይ አልቆጥረውም።

ካርድ ለምታወጡ ሁለት ነገር ልበል። ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሁለት ቦታ መመዝገብም ክልክል ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ድምፃችሁ ለየትኛው የምርጫ ክልል እንደሚቆጠር ጣቢያውን ጠይቁ። ስለ ጣት ቀለሙም እህቶች ጠይቀውኝ ነበር፤ ዑለማዎች እንደ ሂና ቀለሙ ብቻ ከቀረና ውሃ የሚከለክል ሽፋን ከሌለው ውዱእ አይከለክልም ይላሉ። ወላሁ አዕለም።

እኔ ላወጣ ነው። የማውቀው ግን የሮቢትን ጉድጓድ እንጂ የዚህን ከተማ አይደለም። እዚህ የምመዘግብ ከሆነ ከእጩዎቹ ውስጥ አንዱን እንኳ በስም አላውቅም፤ ከጁሙዓ በኋላ የከተማውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ጀምሬአለሁ።