ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

በክረምት ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ የምንመላለስ ተማሪዎች ብዙዎች ነን። ስለዚህ ወንዝ ሲሞላ እንዴት መወሰን እንደሚገባ፣ ከደረሰብኝ ነገር ጋር አያይዤ በአጭሩ አስረዳለሁ።

ባለፈው ነሐሴ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። ከአጎቴ ጋር ከጨሞጋ መልካ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ውሃው ግን ደፍርሶ ጭራሮ እያግተለተለ ይወርዳል። ሱሪዬን ሰብስቤ ልገባ ስል አጎቴ ክንዴን ያዘና፣ «አንተ ያየኸው ምዝገባውን ነው፤ ወንዙን ገና አላየኸውም» አለኝ። ተናድጄ ተቀመጥሁ። ወደ ማታ ውሃው ጎደለና ተሻገርን። ቢሮው ተዘግቶ ነበር፤ በማግሥቱ ለምኜ ተመዘገብሁ።

ነገሩን ሳስበው አጎቴ እውነቱን ነበር። ጨሞጋ የሚነሣው ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጮቄ ተራራ ነው፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደግሞም የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በበጋ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ምንም አይደለም፤ በክረምት ግን ያው ጉልበት የሚደርሰው ሰውን ይጥላል።

መሣሪያና ልምድም ብቻቸውን አያድኑም። በ1968 እ.ኤ.አ. በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ወታደሮች ጓድ ዓባይን በጀልባ ሊያጠና መጥቶ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሰጥሞ የሞተው ግን የዓባይ ገባር የሆነውን በሽሎን ሲሻገር ነው።

ትልቁ ጠላታችን «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ትናንት መትረፋችን የዛሬውን ውሃ አያጎድለውም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል መባሉም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንልመድ። አንደኛ፣ ውሃው ቢሞላ የት እንደምናድር ከቤት ሳንወጣ እንወስን። ሁለተኛ፣ ከውሃው ጠርዝ ድንጋይ አኑረን እንጠብቅ፤ ድንጋዩ ከተሸፈነ ውሃው እየጨመረ ነውና አንግባ። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን አንዱ እንኳ «ይቅር» ቢል ሳንሣለቅበት ይቅር።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ዘግይቶ ቢመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ወንዙን ጠይቁት። ቁጣችሁን የሚፈራ ልጅ ውሃውን አይፈራም።