ካርታው ወዴት ዞሯል?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳርና ዳር፣ በእንጅባራም በዳንግላም ፎቁ እየበዛ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ ባንክ ወይም ቢሮ፣ ከዚያ በላይ አልጋ ቤት ነው። ባህር ዛፍና ጭቃ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እሳት ቢነሣ በሩን አልፎ ደጅ ይወጣል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ግን ደረጃው የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የመውጫ ካርታ ለእሱ ነው።

ካርታ መለጠፍ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው አቅጣጫው ላይ ነው። እንጅባራ ላይ አንድ ፎቅ እናስብ። አስፋልቱ ባለበት በኩል ያለውን ግድግዳ ፊት ለፊት እያዩ ሲቆሙ ደረጃው በቀኝዎ ነው፤ ካርታውም አስፋልቱን ከላይ፣ ደረጃውን በቀኝ አድርጎ ተሥሏል። እስካሁን ልክ ነው። አሁን ያንኑ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው በተቃራኒው ግድግዳ ይለጥፉት። አንባቢው ዞሮ ስለሚቆም ደረጃው በግራው ሆኗል፤ ወረቀቱ ግን አሁንም "በቀኝ" ይለዋል። ቅጂው ምንም አልተሳሳተም፤ ሰውየው ግን ከመውጫው ይሸሻል።

አእምሮ የቆመ ሥዕል ሲያይ ላይኛውን ጫፍ "ከፊቴ" ብሎ ይረዳዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቪን ሌቪን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) "እዚህ ነዎት" የሚሉ ካርታዎችን መርምሮ፣ ከቦታው ጋር ያልተጣጣመ ካርታ ሰዎችን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እንደሚመራ አሳይቷል። ሼፐርድና ሜትዝለር ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ሁለት ሥዕሎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ለመለየት የሚፈጀው ጊዜ በመካከላቸው ያለው የመዞር ማዕዘን በሰፋ ቁጥር እንደሚጨምር ለክተዋል። በሰላሙ ቀን ይህ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ለዚህ ነው አይኤስኦ 23601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ካርታው በአንባቢው አቋቋም ልክ እንዲዞር የሚጠይቀው፤ በእኔ እምነት በየግድግዳው የተለየ ወረቀት ማተም የማይችል ድርጅት ባይለጥፍ ይሻላል።

በእሳት ቀንስ ማን ቆሞ ያነባል? ማንም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደከረንስ የተባለውን ዛፍ የሚያከስል ገበሬ የከሰል ጭስን ጠባይ ያውቀዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ ማስተዋልንም ቶሎ ያደበዝዛል። ሰው ደግሞ በድንጋጤ የሚሮጠው ወደ ገባበት በር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ "ስቴሽን" የተባለ የምሽት ክበብ ሲቃጠል ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፤ ብዙው ሕዝብ ግን ዋናው በር ላይ ተጨናነቀ፣ 100 ሰው ሞተ። ስለዚህ ካርታ የሚጠቅመው አደጋ ሳይኖር ተነቦ፣ በእግር ከተለማመዱት ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ በጨለማ የሚያበራ ወረቀት ቅንጦት አይደለም።

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድና ሠራተኛው ሊደርሱበት የሚችሉ አደጋዎችን እንዲያውቅ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ወረቀት መለጠፍ ብቻውን ይህን አያሟላም። በ1911 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ትራያንግል የልብስ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች ሲሞቱ አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ካርታው ላይ በአረንጓዴ ቀስት የተመለከተው የጓሮ በር ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ደረጃው ሥር የድንች ጆንያ ከተከመረ፣ ካርታው ዋሽቷል።

ነገ ሥራ ሲገቡ ካርታው ፊት ይቁሙና ቀስቱ ወደሚያሳየው በኩል እጅዎን ይዘርጉ፤ ከዚያ በዚያው ይሂዱ። በሩ ካልተከፈተ ወይም መንገዱ ግድግዳ ላይ ካደረስዎ፣ ያንኑ ቀን ለአለቃዎ ወይም ለደኅንነት ኮሚቴው ይንገሩ።