ነጠብጣብ ቆጣሪዎች

አንባቢ ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን የማርያ ቴሬዛ ብር በአገራችን ገበያዎች ሲዘዋወር፣ ብልኅ ነጋዴ ብሩን እንደ ተቀበለ ከከረጢቱ አይጨምረውም ነበር። አገላብጦ ያየዋል፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ የተቀረጹትን ነጠብጣቦችም አንድ በአንድ ይመረምራል። ነጠብጣቡ ከጐደለ ወይም ከደበዘዘ ብሩን ለባለቤቱ ይመልሳል። ዛሬ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች ግድግዳ ላይ ሌላ ዓይነት ነጠብጣብ ተሰቅሏል። ይኸውም ኪው አር ኮድ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ካሬ ነው። የአሁኑን ነጠብጣብ የሚቆጥረው ግን የነጋዴው ዓይን ሳይሆን የገዢው ስልክ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ አራዳ ሰፈር ወደ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ ጠጥቼ፣ ዳቦም በልቼ ስጨርስ ሒሳቡን በስልኬ ልክፈል ብዬ ሰሌዳውን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጣሁትም። «እትዬ፣ ኮዱ የት አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው ባለቤቲቱ ከሣጥን ሥር አውጥተው አሳዩኝ። «ደብቄው ነው፣ ልጄ። እሱ ካለ ሌባ አይታጣም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ የ340 ብር ምግብና መጠጥ ከተስተናገደ በኋላ፣ «ከፍያለሁ፣ ይኸው» ብሎ የስልኩን መስታወት አሳያቸው። በመስታወቱ ላይ ገንዘቡም ቀኑም ተጽፎ ነበር። እርሳቸው ማንበብ እምብዛም አይችሉም፤ የምታነብላቸው ልጃቸውም ትምህርት ቤት ነበረች። ስለዚህ እንደ ወሎ ልማድ መርቀው ሸኙት። ማታ ልጅቱ መጥታ ስልኩን ብታይ ግን የገባ ገንዘብ የለም። ወጣቱ ያሳያቸው የቀድሞ ክፍያ ሥዕል ኖሯል። 340 ብር ለሀብታም ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኚህ እናት ግን የማግሥቱ ዱቄትና ስኳር መግዣ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የካሬው ነው ለማለት ያስቸግራል። ኪው አር ኮድ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ነው። ዴንሶ በተባለው የመኪና ዕቃ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ማሳሂሮ ሃራ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያወጣው ለገንዘብ ሳይሆን የመኪና መለዋወጫዎችን በፍጥነት ለመቁጠር ነበር። በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች መሣሪያው ኮዱን ከየትኛውም አቅጣጫ እንዲያነበው ይረዳሉ። ጥንካሬው ከፍ ተደርጎ ከተሠራም እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢጎዳ ይነበባል፤ ስለዚህ በሻይ ቤት ጭስና ቅባት ቶሎ አይሸነፍም። ይሁን እንጂ በሱቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካሬ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ። ገንዘቡ ስለ መድረሱ ምንም አይናገርም። የማርያ ቴሬዛ ነጠብጣብ ለተቀባዩ ይመሰክር ነበር፤ የዛሬው ነጠብጣብ ግን ለከፋዩ መንገድ ያሳያል እንጂ ለተቀባዩ አይመሰክርም። ለተቀባዩ የሚመሰክረው የራሱ ስልክ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው አከፋፈል ወደ አገራችን ገበያ በሰፊው የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን አምጥተዋል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በመላ አገሪቱ በስልክ እንዲከፈል በመታዘዙ፣ ስልክን እንደ ኪስ ቦርሳ ሳይቆጥር የነበረው ሹፌር ሁሉ ሳይወድ ተማረ።

ከደሴ ተነሥቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ሌላ ዓይነት ጥበብ አገኘሁ። በዚህች የፋብሪካ ከተማ ደመወዙን በባንክ የሚቀበል ሠራተኛ ብዙ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ቁጥሩን ጨምሮታል። ሠራተኛው ለአንድ ሳሙና ብሎ ባንክ ቤት አይሰለፍም። ስለዚህ ኮድ የሌለው ባለሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይለቅቃል።

አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሱቅ ግን ከካሬው በታች የነጋዴነት ቁጥራቸውን በትልቁ ጽፈው ለጥፈዋል። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ለምን አስፈለገ?» ብላቸው፣ «ኢንተርኔት እንግዳ ነው፣ ሲመጣም ሲሄድም አይነግርህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘበት ጊዜ ባንክም ስልክም ተቋርጦ፣ ሰው የሚበላው በእጁ ባለው ጥሬ ገንዘብና በጎረቤት ደግነት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ካሬውን በስልክ ለማንበብና ለመክፈል ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በ*127# ተደውሎ በቁጥር የሚፈጸመው የቴሌብር ክፍያ ግን የስልክ መስመር ብቻ ካለ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መስመሩም ከጠፋ ጥሬ ገንዘብ አለ። ብልኅ ነጋዴ አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን አይደፍንም።

እኚሁ ሰው በየማለዳው ሱቁን ሲከፍቱ ካሬውን በልጃቸው ስልክ ያነቡታል። የሚወጣው ስም የራሳቸው መሆኑን ሲያዩ ብቻ ሥራ ይጀምራሉ። ምክንያቱም በሌሎች አገሮች ሌቦች በባለሱቁ ካሬ ላይ የራሳቸውን ካሬ እየለጠፉ የሰው ገበያ ወደ ኪሳቸው ሲያስገቡ ታይቷል።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ሒሳባችን ስለሚታይ ግብር ይበዛብናል» ብለው ይሸሻሉ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በስልክ የገባ ገንዘብ ይመዘገባልና። ነገር ግን መዝገቡ ሁለት ስለት አለው። ትንሽ ነጋዴ ብድር ሲጠይቅ «ሥራህን በምን እንመን?» እየተባለ ባዶ እጁን ሲመለስ ኖሯል። በየቀኑ የሚገባለት ገንዘብ የተጻፈለት ሰው ግን ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር መጀመሩም ይታወሳል።

ማታ ወደ ደሴ ተመልሼ ወደ ሻይ ቤቲቱ ጎራ አልሁ። ከእናትና ከልጅ ጋር ሆነን ሥራውን አስተካከልን። የክፍያ መልእክት ሲመጣ ከሌላው የተለየ ድምፅ እንዲያሰማ አደረግን። መልእክቱ ከ127 መምጣቱን፣ የገንዘቡንም አኃዝ ለይተው እንዲያውቁ ልጅቱ አስጠናቻቸው። አኃዝ እንደሆነ ከብር ኖት ላይ ድሮም ያውቁታል። እኔም ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ብር እየከፈልሁ ሞከርን። በሦስተኛው እርሳቸው ከልጅቱ ቀድመው «ገባ!» አሉ።

በመጨረሻም ሰሌዳውን ከሣጥን ሥር አውጥተው ከግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት። «ከእንግዲህ ያታልለኛል ብለህ እንዳትሰጋ፣ አብሽር» አሉኝ። «ስልኬ ሳይናገር አልመርቅም።»

የጠጣሁትን ሻይ ሒሳብ ከፈልሁ። ስልካቸው ተናገረ። እርሳቸውም አኃዙን በጣታቸው ተከትለው ካዩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።